ሁለተኛው ምስክርነቴ

በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ምስክር ሆኛለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ አንድ ሰው። አንዱን ፍርድ ቤት ቆሜ፣ ሌላውን ቀበሌ ፈርሜ። በሁለቱ መካከል ስድስት ዓመት አለፈ። ልነግራችሁ የተነሳሁት ስለ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ሳይነገር ግን ሁለተኛው አይገባችሁም።

ያን ጊዜ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። አባቴ በመንግሥት ሥራ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ሲመጣ ልጅ ነበርኩ፤ እሱ ሲሞት እኔ አስተማሪ ሆኜ እዚያው ቀረሁ። ያላገባሁ፣ ቁጥብ፣ የቤት ሥራ ሳርም ቀይ እስክሪብቶዬን አጥብቄ የምይዝ ሴት ነበርኩ። ቤቴ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። የጓዳዬ መስኮት የአንድ እንጨት ሥራ ቤት የኋላ አጥር ላይ ይከፈታል።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ደብተር እያረምኩ ቀና ስል አንድ ሰው ያንን አጥር ሲዘል አየሁ። የጃኬቱን ኮፍያ አጥልቋል። ግራ ትከሻው ትንሽ ዘንበል ያለ ነው። ትከሻውን አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ፤ የጎረቤታችን የመስፍን ነው። መስፍን እዚያ ቤት አናጢ ነበር፤ ከአሠሪው ጋር ተጣልቶ ከተባረረ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ወደ ደብተሬ ተመለስኩ። ሦስተኛውን ደብተር ሳልጨርስ ጣውላው ተያያዘ።

ዘበኛው ጋሽ ወልዴ እሳቱን በእጃቸው ሊያጠፉ ገቡ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ጣቶቻቸው ግን ተጣብቀው ቀሩ።

ፍርድ ቤት ስቆም የተከሳሹ የመስፍን ጠበቃ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ፊቱን አይተሻል?» አለኝ። አላየሁም። ያየሁት ጀርባውን ነው። ግን የጋሽ ወልዴ እጅ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። «አዎ፣ አይቻለሁ» አልኩ። አንዲት ቃል ናት። ከአፌ ስትወጣ ምንም ድምፅ ያላት አይመስልም ነበር።

ዘጠኝ ዓመት ፈረዱበት። «እኔ አይደለሁም! ይህቺ ሴት ዋሽታለች!» እያለ ወሰዱት። በአራተኛው ዓመት እናቱ ሞቱ። ልጄ ንጹህ ነው እንዳሉ ሞቱ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ሰላም ይለኛል፣ ግማሹ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። እኔም ሌሊት በተኛሁ ቁጥር አጥር የሚዘል ሰው አያለሁ። ሊዞርልኝ ሲል እነቃለሁ። ፊቱን አንድም ቀን አላሳየኝም።

በስድስተኛው ዓመት፣ ክረምት ላይ፣ መስፍን በአመክሮ ተፈታ።

የሰፈራችን ዕድር ሊቀመንበር ጋሽ ዳንጊሶ የሚባሉ ሲዳማ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛን ቃል በቃል እየመረጡ፣ ውድ ዕቃ እንደሚያወርድ ሰው ቀስ እያሉ ነው የሚናገሩት። የመስፍንን እናት ቤት የዕድሩ ሰዎች አጽድተው፣ ግድግዳውን ኖራ ቀብተው፣ አልጋ አስገብተው ጠበቁት። መጀመሪያ ያሰቡት ይህንንና ምግቡን ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን ቁርስ ይዛ የሄደች ጎረቤት በሩን ስትከፍት እዚያው ከበሩ ኋላ ቆሞ አገኘችው። ከውስጥ አልተቆለፈም። «ምን ትሠራለህ?» ብትለው «እስኪከፈት እየጠበቅሁ ነው» አላት። በር ራሱ መክፈት እንደሚችል ረስቶታል።

ከዚያ ወዲህ ዕድሩ ተራ አወጣ። በየቀኑ አንድ ጎረቤት አብሮት ይውላል። ገበያ ይወስደዋል፣ መንገድ ያሻግረዋል፣ ዝም ብሎ አጠገቡ ይቀመጣል። የእኔ ስም ተራው ውስጥ አልገባም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። መስኮቴን ዘግቼ ዝናቡን ስሰማ እውል ጀመር።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዳንጊሶ መጡ። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አራግፈው ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«መምህርት ሰናይት፣ ነገ ያንቺ ተራ ነው።»

«የእኔ ስም የለበትም እኮ።»

«አልነበረም። እሱ አስገቡልኝ አለ።»

«ለምን?»

«አልነገረኝም። መታወቂያ ማውጣት አለበት፤ ያለ መታወቂያ ሥራ የለም። ቀበሌው ደግሞ ሦስት ምስክር ይፈልጋል። አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ቁርስ የምታደርስለት ጎረቤቱ ናት። ሦስተኛዋን እሱ ራሱ መረጠ።» ቃላቸውን መረጡ። «‹እትዬ ሰናይት ትመስክርልኝ› ነው ያለው።»

«እምቢ ብልስ?»

«ትችያለሽ። ግን እምቢታሽን ራስሽ ሄደሽ ንገሪው። እኔ አላደርስልሽም።»

ጃንጥላቸውን አንስተው ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት ጉም ወርዶ ከተማው ከመሬት የተነሳ ይመስላል። ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች ከጉሙ ይወጣሉ፣ ደወላቸውን አሰምተው መልሰው ይገቡበታል። የመስፍንን በር ባንኳኳ ዝም። ቀስ ብዬ ገፋሁት። ጠባብ የሆነበትን አሮጌ ኮቱን ለብሶ መሐል ክፍሉ ላይ ቆሟል። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው።

«እንደምን አደርሽ፣ እትዬ ሰናይት» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ቁጣ ስፈልግበት አጣሁ፤ ማጣቴ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ።

ጎን ለጎን ሄድን። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የሚሄደው። መንገድ ጠርዝ ላይ ስንደርስ ይቆማል፤ እኔ ስራመድ ይራመዳል። ቀበሌ ስንደርስ ጸሐፊዋ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ከሌሎቹ ምስክሮች ጋር እንድንመለስ ነገረችን። ገና ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም።

«ሐይቁን ልየው?» አለኝ እንደ ተማሪ ፈቃድ ጠይቆ።

የአሳ ገበያው አሞራ ገደል ስንደርስ ሐይቁ የለም። ነጭ ብቻ ነው። አሳ የሚያራግፉ ሰዎች ድምፅ ከዚያ ነጭ ውስጥ ይመጣል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ሰብስበው፣ ልብስ እንደ ደረቡ ሽማግሌዎች፣ በጭቃው ላይ ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ቀዛፊ ከትንሽ ጀልባ ላይ በእጁ ጠቀሰን። አማርኛው «ግቡ» እና «ውረዱ» ከሚሉት አያልፍም። መስፍን ገባ። እኔ ዋና አልችልም። ገባሁ።

ትንሽ እንደ ተቀዘፈ ዳርቻው ጠፋ። ከዚያ በኋላ የት እንደነበርን አላውቅም። ውኃውና ሰማዩ አንድ ሆነዋል፤ ጀልባዋ የምትሄድ ሳይሆን ተንጠልጥላ የምትወዛወዝ ይመስል ነበር። ከሩቅ ጉማሬ ሲተነፍስ ይሰማል። ቀዛፊው ጀርባውን ሰጥቶን በሲዳምኛ ለራሱ ያንጎራጉራል። አጥር የሚዘለው ሰው የሚመጣበት ሕልሜ እንዲህ ያለ ብርሃን ነበረው፤ ነቅቼ ይሁን ተኝቼ እስክጠራጠር ድረስ። የጀልባዋን ጠርዝ ይዤ እንጨቱ እርጥብ መሆኑን በጣቴ አረጋገጥኩ።

«እትዬ ሰናይት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው ያስጠራሁሽ።»

«ጠይቀኝ» አልኩ።

«ያን ቀን ፊቴን አይተሽ ነበር?»

ቀዛፊው ማንጎራጎሩን አላቋረጠም። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ በየዓይነቱ ስመልስ ኖሬያለሁ፤ ለካህን፣ ለአባቴ መቃብር፣ ለመስታወት። አሁን የሚጠይቀኝ የጥያቄው ባለቤት ነው። «አዎ» ብል ማን ያውቃል? «አላየሁም» ብል ደግሞ ስድስት ዓመቱን ከየት አምጥቼ እመልስለታለሁ? እናቱንስ? ጀልባዋን ቢገለብጣት የሚያየን የለም ብዬም አሰብኩ። ይህንን ማሰቤን አልደብቃችሁም።

«አላየሁም» አልኩት። «ጀርባህን ነው ያየሁት። ትከሻህን። ፊትህን አላየሁም። ዋሽቻለሁ።»

እጁን ውኃው ውስጥ ከትቶ ጣቶቹን ዘረጋ።

«አውቃለሁ» አለ በመጨረሻ። «ልታዪው አትችዪም ነበር። ኮፍያውን እስከ ዓይኔ ስቤው ነበር።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቃሉን ሰምቼው፣ አሳልፌው፣ ትንሽ ቆይቶ ነው ተመልሶ የመጣው።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

ማልቀስ ጀመርኩ፤ ከእፎይታ ይሁን ከንዴት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እሱ ውኃውን እያየ ቀጠለ። «ጋሽ ወልዴ ዘወትር በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። ሰው የለም ብዬ ነው። ይህ ግን እጃቸውን አያድነውም። ፍርድ ቤት ‹ፊቱን አይቻለሁ› ስትዪ፣ እትዬ፣ ትልቅ ስጦታ ነው የሰጠሽኝ። መዋሸትሽን አወቅሁ። ከዚያ ወዲያ እኔ ቤት ያቃጠልኩ ሰው መሆኔ ቀረ፤ በሐሰት ምስክር የታሰርኩ ሰው ሆንኩ። ለእናቴም ይህንኑ ነገርኳት። እውነቴን ነበር፤ ዋሽተሻል እኮ። እሷ በዚያው አመነች፤ በዚያው ሞተች።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን ጠየቅኸኝ?»

«ዛሬም ‹አይቻለሁ› እንድትዪኝ ነበር» አለ። «ጎረቤቱ እንዲህ ሲንከባከበኝ፣ አልጋ ሲሰጠኝ፣ ንጹህ ነው ብለው ይሆናል እያልኩ መተኛት አቃተኝ። ዛሬም ብትዋሺ አንቺን እያኮረፍኩ እኖር ነበር። አሁን የምደበቅበት አጣሁ።»

ቀዛፊው ዞር ብሎ አየን። እኔ አለቅሳለሁ፣ መስፍን እጁ ውኃ ውስጥ ነው። ምንም ሳይል ጀልባዋን ወደ መጣንበት መለሳት። ጉሙ ሲገለጥ መጀመሪያ ዛፎቹ፣ ቀጥሎ ታቦር ተራራ፣ ቀጥሎ ከተማው መጣ። ሁሉም ገና ያለቀለት አይመስልም ነበር።

በስምንት ሰዓት ቀበሌ ስንደርስ ጋሽ ዳንጊሶና ጎረቤቲቱ ከትልቁ ዋርካ ሥር ቆመው ይጠብቁናል። ጎረቤቲቱ ከመስፍን እናት ጎን ሆና ስድስት ዓመት ያኮረፈችኝ ሴት ናት፤ ሰላምታዋም በአንገት ብቻ ነበር።

«ከመፈረማችሁ በፊት ስሙኝ» አላቸው መስፍን። «ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።»

ጎረቤቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ሰፈሩ ሁሉ... እናትህ እኮ...» ብላ መጨረስ አቃታት። መስፍን አንገቱን ደፋ። ያኔ የእኔ ተራ ነበር። «እኔም ፊቱን ሳላይ አይቻለሁ ብዬ መስክሬያለሁ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ለቀበሌ ጉዳይ የተሰለፉ ሰዎች ወደ እኛ ዞረዋል።

ጋሽ ዳንጊሶ ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉበት። እንዲህ ረጅም ጊዜ ቃል ሲፈልጉ አይቼ አላውቅም።

«መስፍን» አሉ፣ «ቤትህን ኖራ ስንቀባ ንጹህ ነህ ብለን የቀባን መሰለህ?»

«አላውቅም፣ ጋሽ ዳንጊሶ።»

«አንዳንዱ እንዲያ ብሎ ይሆናል። እኔ ግን ከተያዝክበት ቀን ጀምሮ አንተ ነህ ብዬ ነበር። ቤቱ የአንተ ነው፤ ጎረቤታችን ነህ፤ ስለዚህ ቀባነው። ለዚህ ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል?» ወደ ጎረቤቲቱ ዞሩ። «አንቺስ? ቁርሱን ታቆሚያለሽ?»

ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገች። መስፍንን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። «ተናድጃለሁ» አለች። «ነገም እናደዳለሁ። ቁርሱን ግን አደርሳለሁ።»

ገባን። ኃላፊው ወረቀቱን ገፋልን። ከዚህ በታች የፈረምነው ግለሰቡ የሰፈራችን ነዋሪ መሆኑን እናውቃለን ይላል። ሌላ ምንም አይጠይቅም። ጋሽ ዳንጊሶ በአውራ ጣታቸው፣ ጎረቤቲቱ በፊደል ፈረሙ። እስክሪብቶው እጄ ሲገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያየሁትንና የማውቀውን ብቻ ነው የሚለው። ፈረምኩ።

ከቀበሌ ወጥተን በቀጥታ ጋሽ ወልዴ ቤት ሄድን፤ መስፍን ነው ነገ አይሁን ያለው። እሳቸው በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። መስፍን ጉልበቱ ላይ ወድቆ ያደረገውን ተናገረ። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ የተጣበቁትን ጣቶቻቸውን ጭናቸው ላይ አስተካክለው አስቀመጡ።

«እኔ ስድስት ዓመት ይህን ቃል ጠብቄያለሁ» አሉት። «አንተም ትንሽ ጠብቅ። ዛሬ ደክሞኛል። ነገ ና።»

በማግስቱ ሄደ። «ነገ ና» አሉት። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ዕድሩ ተራውን አላቋረጠም፤ የዕለቱ ተረኛ ከመስፍን ጋር ሄዶ ከጋሽ ወልዴ አጥር ውጪ ድንጋይ ላይ አብሮት ይቀመጣል። አንዳንዶቹ፣ እውነቱን ከሰሙ በኋላ፣ ተራቸውን ትተው ነበር፤ እሱን አልሸሽግም። ጎደለ በተባለ ቁጥር እኔ ሄድኩ። በዘጠነኛው ቀን ከእኔ ጋር ሳለ ዝናቡ ወረደ። መስፍን አልተነሳም። በሩ ተከፈተና ጋሽ ወልዴ ብቅ አሉ።

«ግባ» አሉት። «ስለ ዝናቡ ነው። ሌላ እንዳይመስልህ።»

መስፍን ደጁ ድረስ ሄዶ እንደ ልማዱ ቆመ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የተጣበቁት ጣቶች ከዚያ በላይ ሊስቡት አልቻሉም። አየሁት፤ እጁን ዘረጋ፤ ራሱ ከፈተው።

ሽማግሌዎች በሥርዓቱ ያስታረቋቸው ከወራት በኋላ ነው። መስፍን አናጢነቱን ቀጠለ፣ አገባ፣ ወለደ። ጋሽ ወልዴን ጫማቸውን የሚያስርላቸው እሱ ነበር። ይቅር እንዳሉት ግን በአፋቸው ሲናገሩ አልሰማሁም፤ እሱም አልጠየቃቸውም። እኔም ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ስለ ምስክርነቴ ቃሌን ሰጠሁ። ቃሌን የተቀበለኝ የደከመ ሰውዬ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ እስኪጠሩኝ ቤቴ እንድጠብቅ ነገረኝ። የጠራኝ የለም። ውሸቴ ትክክለኛውን ሰው ማግኘቱ እውነት አያደርገውም፤ ይህን ለራሴ ሳልነግረው የዋልኩበት ቀን የለም።

እንግዲህ እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ከዚያ ቀን ምን አተረፍሽ ብትሉኝ አጭር መልስ የለኝም። ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች ተጣልተው ሦስተኛው ሊመሰክር ሲመጣ «ያላየኸውን አላየሁም ማለት ትችላለህ?» እለዋለሁ። ከብዙዎቹ አዋቂዎች ይልቅ ልጆቹ ይችላሉ። የምትከተላችሁ ቃል ካለች ደግሞ፣ ሐይቅና ጉም እስክታገኙ አትጠብቁ። በተረፈ ብዙ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ስድስት ዓመት ራሴን ዘግቼ የኖርኩት ጎረቤት የሚወደው ንጹሕን ብቻ ነው ብዬ ነበር። መስፍንም ያንኑ አስቦ ነው የተደበቀው። ሁለታችንም ሰፈራችንን አናውቀውም ነበር።

ጋሽ ዳንጊሶ ካረፉ ቆይተዋል። የተራውን ዝርዝር አሁን የምይዘው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አንዲት ሴት ከእስር ተፈትታ ወደ ሰፈራችን ተመለሰች። ተረኛ አድርጌ የመዘገብኳቸው ሰዎች እየመጡ፣ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ ምን አድርጋ እንደታሰረች ይጠይቁኛል። እኔም ቤቷ የት እንደሆነ እነግራቸዋለሁ።